«ፈርሚና ዝም በይ» አለኝ

የፍቅር ደብዳቤዎቻችሁ ጠረጴዛው ላይ ተቆልለዋል፤ እናንብባቸዋለን። የዚህ ሳምንቱ ግን የፍቅር አይደለም፤ የደሞዝ ነው። «ደሞዝ ደግሞ ምን ምክር ያስፈልገዋል?» የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ ደብዳቤውን አንብቡት። ስምና አንዳንድ ምልክት አውጥተን፣ ጥቂት አሳጥረን እንዲህ አቅርበነዋል።

«ውድ የአምዱ አዘጋጅ፤ ለጤናዎ እንዴት ነዎት? እኔ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የተወለድኩት አሊዩ አምባ ሲሆን፣ ደብረ ብርሃን አካውንቲንግ ተምሬ በዲፕሎማ ተመርቄያለሁ። ሥራ ፈልጌ አዲስ አበባ ስምንት ወር ተንከራትቼ ሲያቅተኝ፣ አጎቴ “ነይ፣ የሰው ቤት ከምትለማመጪ የእኔን ያዢልኝ” ብሎ አገሬ መለሰኝ። አጎቴ ያሳደገኝ ሰው ነው። አባቴ የሞተው ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ የትምህርት ቤት ደብተሬን ሳይቀር የገዛልኝ እሱ ነው። እህል ነጋዴ ነው፤ ወፍጮ፣ መጋዘንና ሁለት አይሱዙ አለው። 11 ሠራተኞች አሉን።

ከእኔ በፊት ሂሳቡን ይሠራ የነበረው ልጅ በነሐሴ ወር መጨረሻ 2017 ለቆ ሄደ። እኔ ገባሁ። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ እዚያ ሂሳብ ነው የሚሠራው፤ ስልክ ደውዬ ሳማክረው “ሦስት ወሩ ሲሞላ ፔይሮሉን ካሳወቃችሁት ጋር አመሳክሪ፣ እኛም እንደዚያ ነው የምናደርገው” አለኝ። እኔም የሐምሌን፣ የነሐሴንና የመስከረምን አንድ ላይ አውጥቼ ተቀመጥኩ። አይ መቀመጥ! ሁለት ነገር ወጣ።

አንደኛው፣ የሥራ ግብሩ ሠንጠረዥ ከሐምሌ ወዲህ ተቀይሮ ሳለ እኛ ፔይሮሉ ላይ በአሮጌው ነው የምንቆርጠው። ለማሳወቅ ጎረቤላ ስንወጣ የገቢዎች ሠራተኞች በአዲሱ አስተካክለው ተቀበሉን። የሐምሌን ያ ልጅ ነው ያስገባው፣ የነሐሴን እኔ ነኝ። ቅጹን አስተካከልን እንጂ ፔይሮሉን አልነካነውም። መስከረምንም በአሮጌው ቆርጬ ከፈልኩ። ትርፉ ገንዘብ አጎቴ ሂሳብ ውስጥ ቀረ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ነገሩ ስላሳሰበኝ ያለፈውን ዓመትም ከፍቼ አየሁ። ከመስከረም እስከ መጋቢት 2017 ባሉት ሰባት ወሮች ፔይሮሉ ላይ 11 ሰው አለ፤ ለገቢዎች በቀረበው ላይ ግን 10 ሰው ነው። የጠፉት የመጋዘኑ ዘበኛ ናቸው። ግብርም ጡረታም ከደሞዛቸው በየወሩ ተቆርጧል፤ ፈርመውበታል፤ ግን የትም አልደረሰም። በሚያዝያ አዲስ ሰው ሲቀጠር ዝርዝሩ እንደገና ስለተጻፈ ስማቸው ተመልሶ ገባ። እኒህ ሰው የተቀጠሩት በጥር 2009 ነው። በጥር 2019 ደግሞ 60 ዓመት ይሞላቸዋል። እኛ ሰፈር ሁላችንም “ዓባባ” ነው የምንላቸው። ልጅ ሆኜ ሐሙስ ማታ እዚያ መጋዘን በር ላይ ለጁምዓ ገበያ የመጣ እህል ሲራገፍ፣ ከጋቢያቸው ሥር ያስቀምጡኝ ነበር።

ለአጎቴ ነገርኩት። “የዛሬ ዓመት ሬሳ ምን ያስቆፍርሻል? ሰውየው ደሞዙን በልቷል። ይሄን ብታነሺ ቅጣቱ ቤታችንን ነው የሚያፈርሰው። የመስከረምን ፈርሚና ዝም በይ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ራት ስናቀርብ እንኳን አያየኝም። የመስከረም ማሳወቂያ እስከ ጥቅምት 30 መግባት አለበት። እባክዎ፣ ያሳደገኝን ላሳዝን ወይስ እኒህን ሽማግሌ? አጎቴ ቢያባርረኝስ የት እገባለሁ? — ሁለት እሳት መካከል ያለሁ፣ ከአሊዩ አምባ፤ ጥቅምት 12 ቀን 2018»

እኅቴ፤ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ፦ አጎትሽ ሌባ አይደለም። ያም የለቀቀው ልጅ ሌባ ላይሆን ይችላል። ነገሩ የስንፍና ነው። ዘበኛው ምናልባት አንድ ወር ታመው ወይም ፈቃድ ወጥተው ስማቸው ከዝርዝሩ ይነሣል፤ በሚቀጥለው ወር ሂሳብ ሠራተኛው ያለፈውን ፋይል ኮፒ አድርጎ ቀኑን ብቻ ይቀይራል። በቃ! ሰው እንዲህ ነው የሚጠፋው። ፔይሮሉ ሌላ ፋይል፣ የሚታወቀው ሌላ ፋይል፤ ሁለቱ ሳይተያዩ ሰባት ወር ይኖራሉ።

ግን አጎትሽ እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ስላላወቀ ነው ሌባ ያላልኩት። አሁን አውቋል። ካወቀ በኋላ ዝም ካለ ስሙ ምን እንደሚሆን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እሱም ስለሚያውቀው ነው ራት ላይ የማያይሽ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። የዘበኛው ደሞዝ 3,800 ብር መሆኑን በላክሽልን ወረቀት ላይ አይተናል። በ2017 ይሠራበት በነበረው ሠንጠረዥ ግብራቸው በወር 457 ብር ከ50 ነው። ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ ስለሆነ 266 ብር። ሁለቱ ሲደመሩ 723 ብር ከ50 በየወሩ ከኪሳቸው ወጥቷል። በሰባት ወር 5,064 ብር ከ50! ይሄ የመንግሥት ገንዘብ ነው ብትይም፣ የሳቸው ነው ብትይም ያስኬዳል፤ የአጎትሽ ነው ማለት ግን በምንም አያስኬድም። አሠሪው ከራሱ የሚጨምረው የጡረታ 11 በመቶ ደግሞ በወር 418፣ በሰባት ወር 2,926 ብር ነው። ጠቅላላ ድምሩ 7,990 ብር ከ50። አጎትሽ «ቤታችንን ያፈርሳል» ያለው ዕዳ ዋናው ይሄው ነው። በላዩ ቅጣትና ወለድ ይጨመርበታል፤ አይቀርም። በየወሩ በዘገየ ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ቢሆንም ሁለት አይሱዙ ያለው ሰው የሚፈርስበት ገንዘብ አይደለም። እኔ የምጠረጥረው አጎትሽ ቁጥሩን ሳይሰማ «ገቢዎች» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ መደንገጡን ነው። ስትነግሪው ቁጥር ነግረሽዋል? በደብዳቤሽ ላይ አላየሁም።

በሌላ በኩል ደግሞ የዘበኛውን ቁጥር ተመልከቺ። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ (መጀመሪያ በ2003 በወጣው አዋጅ 715፣ አሁን ደግሞ በ2014 በወጣው አዋጅ 1268) ሰው በ60 ዓመቱ ሲወጣ ዕድሜ ልኩን በየወሩ አበል የሚያገኘው ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ሲኖረው ነው። እሳቸው ከጥር 2009 እስከ ጥር 2019 ልክ 10 ዓመት ይሞላቸዋል። አንድ ቀን ትርፍ የላቸውም! ሰባቱ ወር ካልገባ መዝገቡ የሚያሳየው 9 ዓመት ከ5 ወር ነው። ከ10 በታች ለሆነ ሰው የወር አበል የለም፤ የሚሰጠው የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው። እንግዲህ በአንድ ፋይል ኮፒ ምክንያት አንድ ሽማግሌ የቀረ ዕድሜያቸውን ጡረታ ሊያጡ ነው ማለት ነው። እርግጥ ያን ጊዜ የደሞዝ ፊርማቸውን ይዘው መሟገት ይችላሉ። ግን በ60 ዓመታቸው፣ ከአሊዩ አምባ ተነሥተው፣ በየቢሮው ደጅ እየጠኑ? ያውም ወረቀቱ ያለው አጎትሽ ካዝና ውስጥ ሆኖ?

እኔ ራሴ በወጣትነቴ አንድ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር፤ ስሙ ይቅር። ስለቅ ማስረጃ ብጠይቅ አራት ወር የተቆረጠብኝ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ወጣት ስለነበርኩ «ይበላቸው» ብዬ ሄድኩ። ወጣት «ይበላቸው» ማለት ይችላል። ዓባባ አይችሉም።

ከአጎትሽ ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ግን የማመሳከሩን ሥራ ጨርሺ። በደብዳቤሽ እንደገባኝ ድምርን ከድምር ጋር ነው ያስተያየሽው፤ የሰው ቁጥር ስላነሰ ዕድል ሆኖ ታየሽ። ድምር ይዋሻል። አንዱ ላይ 200 ብር ቢበዛ፣ ሌላው ላይ 200 ብር ቢያንስ ድምሩ ልክ ሆኖ ይወጣና ትተኛለሽ። ስለዚህ ስም በስም ሂጂ። በአንድ በኩል ሠራተኛው የፈረመበትን ፔይሮል፣ በሌላ በኩል የባንኩን ወረቀት፣ በሦስተኛ ደረጃ ለገቢዎች የገባውን የግብርና የጡረታ ዝርዝር ከነደረሰኙ ዘርጊ። ጠረጴዛው አይበቃሽም፤ መሬት ላይ ዘርጊው። ከዚያ አንድ ሰው ትይዢና «ይህ ሰው በሐምሌ ስንት ተባለለት? ስንት ተቆረጠበት? ስንት እጁ ገባ? ስንት ታወቀለት?» እያልሽ እስከ መጨረሻው ትከተይዋለሽ። ሁለተኛውን ሰው የምትይዢው የመጀመሪያው ሲያልቅ ነው። አስራ አንድ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ተኩል ቢወስድ ነው።

ስትሄጂ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና የጡረታ መለያ ቁጥሩንም ተመልከቺ። የእናንተ አገር ስም ደግሞ ያስቸግራል! አንዱ ጋ ሙሐመድ፣ ሌላው ጋ መሐመድ፤ አንዱ ጋ ሰዒድ፣ ሌላው ጋ ሰይድ ተብሎ ይጻፋል። በፊደል ምክንያት የአንዱ ጡረታ በሌላው ስም ወይም በማንም ስም ሊቀመጥ ይችላል። ትርፍ ሰዓት ከሠሩ ደግሞ ግብር ይታሰብበታል፤ ጡረታ ግን የሚታሰበው በመደበኛው ደሞዝ ላይ ነው። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ያባዛ ፔይሮል ብዙ አይቻለሁ። የሹፌሮቹ የትራንስፖርት አበልም ከግብር ነፃ የሚሆነው መመሪያው በወሰነው ልክ ብቻ ነው፤ «አበል» የሚል ስም ስለተሰጠው ብቻ ነፃ አይወጣም። ጳጉሜንስ? በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ሰው ካለ አምስቱ ቀን በየትኛው ወር ፔይሮል እንደገባች ፈልጊ፤ እዚህም እዚያም እንዳትቆጠር።

አሁን ስለ አዲሱ ሠንጠረዥ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የአንቺም ነው፤ በግልጽ እነግርሻለሁ። በ2017 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ 1395 ከሐምሌ 2017 ደሞዝ ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነውን መነሻ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 20፣ እስከ 10,000 25፣ እስከ 14,000 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ነው። በዚህ መሠረት የዘበኛው ግብር 270 ብር ነው፤ እናንተ ግን 457 ብር ከ50 ትቆርጣላችሁ። በወር 187 ብር ከ50 ትርፍ! በሦስት ወር 562 ብር ከ50። ደሞዙ 12,000 የሆነው ሹፌር ደግሞ 2,250 መቆረጥ ሲገባው 2,700 ተቆርጦበታል፤ 450 ብር በየወሩ። የገቢዎች ሠራተኞች ቅጹን ሲያስተካክሉልሽ፣ ቅጹ ለምን እንደተስተካከለ ራስሽን መጠየቅ ነበረብሽ። ሰው እርሳሱን ሲያስተካክልልሽ «አመሰግናለሁ» ብለሽ ወደ አገርሽ ከመውረድ ይልቅ፣ የሰው ደሞዝ እንደያዝሽ ማስታወስ ይሻል ነበር። ደግነቱ ይሄኛው ቀላል ነው። ለመንግሥት የገባው ልክ ስለሆነ ከገቢዎች ጋር ምንም ክርክር የለውም። ትርፉ ድርጅቱ ጋ ስላለ በጥቅምት ደሞዝ ላይ «የሦስት ወር ትርፍ ግብር ተመላሽ» ብለሽ ለእያንዳንዱ አስፈርመሽ መክፈል ነው። ከዚህ ጀምሪ። አጎትሽም ይህን እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም፤ ሠራተኛው ሲመርቀው ሲሰማ ደግሞ ለሁለተኛው ወሬ ልቡ ይለሰልሳል።

ስለ አሜሪካው የአክስትሽ ልጅ አንድ ቃል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ግን እንዳያሳስትሽ። እነሱ ጋ አሠሪው የሠራተኛውን ግብር የሚያሳውቀው በሦስት ወር አንዴ «ፎርም 941» በሚባል ቅጽ ነው፤ የጊዜ ገደቡም ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ያለው ወር መጨረሻ ነው፦ ኤፕሪል 30፣ ጁላይ 31፣ ኦክቶበር 31፣ ጃንዋሪ 31። ያም ሆኖ ገንዘቡ ሦስት ወር ሙሉ አሠሪው ኪስ ውስጥ አይቀመጥም፤ በጣም ትንሽ ካልሆነ በቀር በየወሩ ወይም ከዚያም ባጠረ ጊዜ ገቢ መደረግ አለበት። ቅጹ ነው የሩብ ዓመት። እኛ ጋ ግን ቅጹም ገንዘቡም በየወሩ ነው፤ ወሩ ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ። «ሩብ ዓመት ሲሞላ አየዋለሁ» ብለሽ ማሳወቁን ካቆየሽ ሁለት ወር ቅጣት ውስጥ ገብተሽ ትገኛለሽ። ማመሳከሩን በሩብ ዓመት አድርጊው፤ ማሳወቁን በየወሩ። እንዲያውም አስራ አንድ ሰው ላለው ቤት ማመሳከሩም በየወሩ ቢሆን ምን ይጎዳል?

አሁን የመስከረሙን ቅጽ ፈርሚ ወይስ አትፈርሚ ላልሽው፤ ፈርሚ! አስራ አንዱም ሰው ካለበትና ግብሩ በአዲሱ ሠንጠረዥ ከተሠራ የመስከረሙ ቅጽ እውነት ነው። ቀኑን አሳልፈሽ በአንድ ቅጣት ላይ ሌላ አትጨምሪ። ያለፈው ዓመት ሰባት ወር ራሱን የቻለ የማስተካከያ ጉዳይ ነው፤ ከዚህ ጋር አታደባልቂው። አጎትሽ «ፈርሚና ዝም በይ» ሲል ሁለት ነገር በአንድ አፍ ጠይቆሻል። የመጀመሪያውን እሺ በይው።

ዝምታውን ግን እንዴት እምቢ ትያለሽ? እንግዲህ ያሳደገ ሰው ነው፤ በአደባባይ፣ በሠራተኛ ፊት፣ ወይ በሚስቱ ፊት እንዳታነሺው። አርብ ደግሞ ገበያ ስለሆነ አይሆንም፤ ሰው ሲመላለስበት ይውላል። ቅዳሜ ጠዋት ቡናው ሲፈላ፣ ብቻውን ሲሆን አንድ ወረቀት ብቻ ይዘሽ ግቢ። ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር ይኑር፦ ከዓባባ የተቆረጠ 5,064 ብር ከ50፤ ከእኛ የሚጠበቅ 2,926፤ ድምር 7,990 ብር ከ50። በሥሩ «ጥር 2019 — 60 ዓመት» ብለሽ ጻፊ። ሌላ ንግግር አታብዢ። «አጎቴ፣ ገንዘቡ ይሄ ነው። ቅጣቱን አብረን ሄደን እንጠይቃለን። ሰው መጥቶ ከሚያገኝብን ራሳችን ብናሳውቅ ይሻላል። ዓባባ ግን ያለዚህ ጡረታ የላቸውም» በይው። ከዚያ ዝም በይ። ዝም በይ ያለሽ ያን ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነበር።

የሚቆጣ ከሆነ ይቆጣ። ቁጣውን አትመልሺለት፤ ወረቀቱን ግን አታንሺ፤ እዚያው ትተሽለት ውጪ። እኔ እንደማውቃቸው ነጋዴዎች ከሆነ ማታ ብቻውን ያወጣዋል። አሊዩ አምባ እኮ የሂሳብ አገር ናት! በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ጠረፍ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያራግፍባት፣ የንጉሡ ሰዎች ቀረጥ የሚቀበሉባት የሸዋ በር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1842 እዚያው ከርሞ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ጆንስተን የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ጽፎላታል። ማርያ ቴሬዛውን በስንት አሞሌ ጨው እንደሚመነዝር የማያውቅ ሰው እዚያ ገበያ አይወጣም ነበር። የዚያ አገር ነጋዴ ስምንት ሺህ ከማይሞላ ብርና ከአንድ ሽማግሌ እርግማን የትኛው እንደሚበልጥ ማስላት አያቅተውም።

ቢያቅተውስ? እዚህ ላይ አንባብያን ከእኔ ጋር ላትስማሙ ትችላላችሁ። አንዳንዱ «ዛሬውኑ ለሰውየው ትንገራቸው» ይል ይሆናል። እኔ ግን አጎትሽ የመጀመሪያው ዕድል ይገባዋል ባይ ነኝ። ቀን ቁረጪለት፦ ጥቅምት 30 ለመስከረሙ ጎረቤላ ስትወጪ የሰባቱን ወር ማስተካከያም አብረሽ እንደምትጠይቂ ንገሪው። እስከዚያ ካልፈቀደ ለዓባባ ትነግሪያቸዋለሽ፤ የሰባቱን ወር የፔይሮል ፊርማቸውን ፎቶ ኮፒ አድርገሽ ትሰጫቸዋለሽ። የራሳቸው ፊርማ ነው፤ ምስጢር አወጣሽ የሚልሽ የለም። መንገር ማለት ደግሞ መክሰስ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚያደርጉትን እሳቸው ያውቃሉ፤ ምናልባት ከአጎትሽ ጋር በአንድ ሽማግሌ ፊት ተቀምጠው ይጨርሱታል።

«ቢያባርረኝስ?» ላልሽው፣ አያባርርም ብዬ ቃል አልገባልሽም። የማባረር ጠባይ ያለው ሰው ግን በአሥራ ምናምን ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ያስፈራራሽ ነበር፤ በደብዳቤሽ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍሽም። ከተባረርሽም ፔይሮልን ስም በስም ማመሳከር የምትችል ልጅ ደብረ ብርሃን ላይ ሥራ አታጣም። ፋብሪካው በዝቷል፤ ፋይል ኮፒ የሚያደርገውም እንዲሁ።

አንድ ነገር ብቻ እንዳትረሺ። ሰባቱ ወር ሲከፈል ደረሰኙን ብቻ ይዘሽ አትመለሺ። በዝርዝሩ ላይ የዓባባ ስምና የጡረታ ቁጥር በትክክል መኖሩን እዚያው ቆመሽ አንብቢ። አንዱን ኮፒ ለእሳቸው ስጪ። ሌላውን ከ2009 ጀምሮ ካለው ጋር በአንድ ክላሰር እሰሪው፤ በጥር 2019 ያንን ክላሰር ይዞ የሚሄድላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ውጤቱን ጻፊልን።

ከደሴ «ሁለት ልብ» በሚል ስም የጻፍክልን ወንድማችን፤ ደብዳቤህ ደርሶናል፤ መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት ጠብቅ።